ስድስት ቡችሎች፣ አምስት ወረቀቶች

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥር

ለምወድሽ አበልጄ፤

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ያንን ጭጋጋም ተራራ ተሻግሮ ከደጅሽ ይድረስ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ለሐኪም አሳየሁት ያልሽኝን ጉልበት ማለቴ ነው፤ እንዳላሳየሽው አውቃለሁ። የክርስትና ልጄ ማርጌድ ለበዓሉ ከካርዲፍ መጣችልሽ ወይስ ዘንድሮም ሰላምታዋ በስልክ ብቻ ሆነ? በጎቹስ በዚህ ዝናብ ሰኮናቸው ደህና ነው? እኛ ጋ ከገና ወዲህ ፀሐይ የሚባል አላየንም። ግቢው ጭቃ፣ ኮረብታው ጭጋግ፣ የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ደግሞ እንደ ልማዱ ልክ እኔ በምቀመጥበት ወንበር ላይ ያፈሳል።

እኔ ደህና ነኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ትንሽ ቆይቼ ሳየው ውሸት ነው። ደህና አይደለሁም፤ ፈርቻለሁ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ወንዝ ሞልቶ ግማሽ መንጋዬን ሲወስድብኝ ቆሜ አይቻለሁ፤ እንዲህ ግን ፈርቼ አላውቅም። ልደውልልሽ ሦስት ጊዜ ቁጥርሽን ጀምሬ ተውኩት። ድምፅሽን ከሰማሁ የመጣሁበትን አልናገርም፤ ስለ በግ አውርተን እንዘጋዋለን። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ ግን አንድም ቀን በጽሑፍ አስፍሬው አላውቅምና ዛሬ ላስፍረው።

ከሁለት ዓመት በፊት ልክ በዚህ ወር ውሻዬ ፍሎስ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ደረሰ። ያንቺ ካርሎ ደግሞ በሸለቆው ሁሉ ስሙ የተጠራ የበግ ጠባቂ ውሻ ነው። የሁለቱንም ምራቅ ከጉንጫቸው በጥጥ ወስደን የዘር በሽታ እንዳለባቸው እንዲታይ ወደ ምርመራ ቤት ልከን ነበር፤ ውጤቱ ዘገየ። ውሻ ደግሞ ፖስታ አይጠብቅም። ወቅቷ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ካርሎን ይዘሽ መጣሽና፣ ኧረ ተይ፣ እነዚህ ውሾች እንደ እኔና እንዳንቺ ንጹሕ ናቸው፣ ዛሬ ካለፈን እኮ ግማሽ ዓመት ልንጠብቅ ነው አልሽኝ። እሺ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጀማሪ አርቢ ሁሉ ውጤቱን ሳታዩ እንዳታገናኙ ስል የኖርኩት ሴትዮ እሺ አልኩ። ካርሎ አጥሩን ሲዘል እሾሃማው ሽቦ ላይ የተያዘውም ያን ዕለት ነው፤ ታስታውሻለሽ? ግራ ጆሮው ተቦጭቆ፣ አንቺ በእኔ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በመርፌና በክር ስትሰፊው፣ እኔ ራሱን ደረቴ ላይ ይዤ። ጫፏን ማዳን አቃተሽና ጆሮው በመቀስ እንደተቆረጠ የአውቶቡስ ትኬት ሆኖ ቀረ። እኛም እያለቀስን ሳቅን።

ውጤቱ የመጣው ፍሎስ ካረገዘች አምስት ሳምንት ሲሆናት ነው። ሁለቱም የበሽታው ተሸካሚዎች። እነሱ ራሳቸው አይታመሙም፤ ሁለት ተሸካሚዎች ሲወልዱ ግን ከአራት ቡችላ አንዱ ላይ ይወድቃል። በሽታውን ላንቺ መንገር ለቄስ ወንጌል ማንበብ ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። ቡችላው ጤነኛ ሆኖ ያድጋል፣ ይሮጣል፣ ይታዘዛል። ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል አንጎሉ ይከዳዋል። የመጀመሪያው ምልክት ፍርሃት ነው። ደረጃ ይፈራል፣ ጥላውን ይፈራል፣ በእጁ ያበላውን ሰው ይፈራል። ከዚያ ዓይኑ ይጠፋል፤ ከዚያም ያብድና የሚወደውን ይነክሳል። ሦስት ዓመት የደፈነ አልተሰማም፤ መድኃኒትም የለውም።

እና ምን አደረግን? በስልክ ተማከርን። ለማንም ሳንናገር ስድስቱንም ቡችሎች ለቤት እንጂ ለዘር አይደሉም ብለን በውል ልንሰጥ ተስማማን። ገዢው ሁሉ ውሻው ዓመት ሲሞላው፣ ወንዱን ሊያኮላሽ፣ ሴቷን ሊያስመክን ይፈርማል። የሐኪም ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲልክልኝ ብቻ የዘር ሐረጉን ወረቀት እሰጠዋለሁ። በሽታው ስድስቱ ላይ ያበቃል፣ ወሬውም አብሮ ይቀበራል። እኔ ፍሎስን ላስመክን፣ አንቺ ካርሎን ልታኮላሺ ቃል ተለዋወጥን። ከስድስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሊታመሙ እንደሚችሉ እናውቅ ነበር። ማን ያውቃል፣ አንዱም ላይ ላይወድቅ ይችላል አልን፤ እንዲህ እያልን ለስድስት ቤተሰብ አስረከብን።

ውሉን እየነቀፍኩ እንዳይመስልሽ። ጨዋ አርቢዎች በንጹሕ ልብ ያስፈርሙታል፤ ቡችላቸው በማንም ጎተራ ውስጥ በየዓመቱ እየወለደች እንዳታልቅ ብለው። እኔ ግን ድስት መክደኛ አደረግኩት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ያ ክዳን ማስመስገኑ ነው። በአርቢዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ውሉ እንድናገር ጠሩኝ፤ ቆሜ፣ ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ሥራው ቡችላውን ሲያስረክብ አያልቅም አልኩ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ የዘቢብ ዳቦ ትበዪ ነበር። ስፈልግሽ ቀና አላልሽም።

እንደ ልማዴ በተወለዱ ዕለት በየአንገታቸው የሱፍ ክር አስሬ ነበር፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። ሰዎቹ ሌላ ስም ቢያወጡላቸውም ለእኔ እስከ ዛሬ ስማቸው ክራቸው ነው። የአምስቱ ወረቀት ማኅተሙን ይዞ በየተራ መጣ። የቢጫዋ አልመጣም።

ቀዩ የሄደው ለአቶ ፕሮሰር ነበር፤ ጡረታ የወጣ የፖስታ ሠራተኛ ነው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ኅዳር ላይ ደወለልኝ። ውሻዬ ደረጃው ሥር ቆሞ ያለቅሳል፣ ወደ መኝታ ቤት አልወጣም አለኝ፣ ምን አድርጌው ይሆን አለ። ምን አድርጌው ይሆን! ሰውየው ጥፋቱን ከራሱ ይፈልጋል። ሄድኩ። ውሻው ከኮት መስቀያው ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል። በዚያ ፉጨቴ ጠራሁት፤ ለምግብ ስጠራቸው በነበረው። ጭራው ተወዛወዘ፣ ሁለት እርምጃ መጣ፤ ከዚያ ቆመና እንደማያውቀኝ አየኝ። የዚያን ዓይን ነገር እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ከገና በፊት ሐኪሙ በመርፌ አሳረፈው። አቶ ፕሮሰር መቃብሩን ራሱ ቆፍሮ፣ እጁን ጠርጎ ጨበጠኝና፣ እርስዎ ጠንቃቃ አርቢ ነዎት፣ ይህ የርስዎ ጥፋት አይደለም አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ማዞር አቃተኝ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከስድስቱ የአንዱ ባለቤት ይመስለኛል። ለሌሎቹ ደወልኩ። እንዲያው ናፈቁኝ ብዬ፤ ስለ ጠባያቸው ጠየቅኩ። አራቱ እስካሁን ደህና ናቸው። ቢጫዋ ቀረች።

ቢጫዋን የወሰደችው ኤለሪ ትባላለች፤ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ናት፣ ካዲ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለቻት። ውሻዋን ሴረን አሏት። ዓመት ሙሉ የማስመከኑን ወረቀት ስጠይቃት ምክንያት አላጣችም። መጀመሪያ ሐኪሙ አንድ ወቅት ይለፋት ብሏል አለች፤ ቀጥሎ ቤት እየቀየርን ነው፤ ቀጥሎ ካዲ ኩፍኝ ይዟታል። እኔም አላጠበቅኩም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? ባጠብቅባት ለምን ይህን ያህል ያሳስብዎታል ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይኼ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሳልደውል ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ካዲ ናት። ገና እግሬን ሳላስገባ፣ ሴረን ልጅ ልትወልድ ነው፣ ግን ለዚያች ለአሮጊቷ አይነገርም አለችኝ። አሮጊቷ እኔ ነኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስክሞት እስቅ ነበር።

ኤለሪ ከጓዳ ስትወጣ ፊቷ ደም መሰለ። እትዬ ይቆጡኛል ብዬ ነው አለች። ሴረን ቅጠል መርገፍ ከጀመረ ወዲህ ድንገት ድንጉጥ ሆነችብኝ፣ በር ሲዘጋ ትሸሸጋለች፣ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ከወለደች ትረጋጋለች ሲለኝ እውነት መሰለኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትውለድና ወዲያው አስመክናታለሁ ብዬ ነው አለች። አስቢው፤ ምልክቱን አይታ መድኃኒት ነው ያለችውን ሰጠቻት። ልቆጣት ነበር የሄድኩት። እውነቱን የደበቅኳት እኔ፣ ምን ብዬ ልቆጣ?

ሴረን ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሆዷ ወርዷል። ከጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ የወደቀውን ጥላ እያየች ልትሻገረው አልቻለችም፤ አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ትመልሳለች። ተንበረከክሁና ፉጨቴን አፏጨሁ። ጭራዋ ተወዛወዘ። መጣች፤ አጠገቤ ስትደርስ ቆመችና እንደ ቀዩ አየችኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ካዲ ሄዳ አቀፈቻትና፣ አይዞሽ፣ እሷ እኮ አሮጊቷ ናት፣ አትነክስም አለቻት። ውሻዋ በልጅቷ እቅፍ ውስጥ ትንቀጠቀጥ ነበር። የልጅቷ ፊት ከውሻዋ ጥርስ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ እኔ ደግሞ በሽታው መጨረሻው ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

አባታቸው ማን ነው አልኳት። በመከር የገበሬዎች ትርኢት ላይ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ አለችኝ፤ ውሻዋን ሳደንቅላት ወሬ ጀመርን፣ ደግ ናት፣ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ወቅቷ ሲደርስ ደወልኩላት፣ ምንም ክፍያ አልፈልግም፣ ከሴቶቹ አንዷን ብቻ አስቀሪልኝ አለችኝ። ሴረን ከየት እንደመጣች ስትጠይቀኝ ግን ወሬው እርስዎ ጆሮ እንዳይገባ ብዬ ከእንግሊዝ ነው የገዛኋት አልኳት አለች። ወንዱ ሲያዩት ያስደስታል፣ ደረቱ፣ አቋሙ፣ ጸጥ ማለቱ። ግራ ጆሮው ብቻ ጫፉ የለም አለችኝ። ይሄኔ ካዲ ጣልቃ ገብታ አይጥ በልታበት ነው አለችና ሳቀች።

የሴትዮዋን ስም አልጠየቅኳትም። ማንቆርቆሪያው ፈላ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣሁት።

ከዚያ ግማሹን ነገርኳት። በዘሯ ውስጥ በሽታ ሊኖር ይችላል አልኳት፤ ከሴረን ጉንጭ በጥጥ ምራቅ ወስጄ ላክሁ፤ ውጤቱ ዓርብ ይመጣል። እኔ ግን ውጤት አያስፈልገኝም፤ ዓይኗን አይቻለሁ። ኤለሪ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ቡችሎቹስ አለችኝ። ሐኪሙ አምስት ቆጥሮባታል፤ ለመውለድ ሳምንትና ጥቂት ቀን ነው የቀራት። አንዱ ለካዲ አስተማሪ፣ አንዱ ሚስቱ ለሞተችበት ለኤለሪ አባት፣ ሁለቱ ለጎረቤት ተሰጥተዋል፤ አምስተኛዋ የዚያች ሴትዮ ናት። እኔም እውነቱን ነገርኳት፤ በአባታቸው ይወሰናል አልኳት። አባትየው ንጹሕ ከሆነ አንዱም አይታመምም። ተሸካሚ ከሆነ ግን ግማሾቹ ዛሬ ሴረን የሆነችውን ይሆናሉ።

ይሄን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደበራ ባየሽ! እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ እንግዲያውስ ቅዳሜ እደውልላታለሁ፣ ደግ ሴት ናት፣ እሷ አትዋሸኝም አለች። እኔንም ሸኝታኝ በር ላይ ሳመችኝ።

አበልጄ፣ ፍርሃቴ ስለ ስሜ መስሎኝ ነበር፤ ማኅበሩ፣ ጭብጨባው፣ ጸሎት ቤቱ በር ላይ የሚያወሩት ሴቶች። አይደለም፤ እሱ ይሁን፣ ይገባኛል። የሚያስፈራኝ ቅዳሜ ያ ስልክ ሲጮህ ያቺ ሴትዮ የምትለው ነው። አይ የእኔ ልጅ፣ አታስቢ፣ ውሻዬ ንጹሕ ነው ብላ በሁለት ቃል ልትገላገል ትችላለች። ኤለሪም ታምናታለች። አምስቱም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የካዲ አስተማሪ ደረጃ ሥር ቆማ ምን አድርጌው ይሆን ትላለች። ሴትዮዋ ክፉ ናት አልልም። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን ነበርኩ፤ ዝም ማለት እንዴት እንደሚቀል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የወንዱን ውሻ ዝና ማጣት፣ እሱን ብለው ከሩቅ የሚመጡትን ሰዎች ፊት ማጣት፣ ሁሉም ይገባኛል። የማን ልጅ ከማን ጋር እንደተገናኘችም ያን ዕለት አላወቀችም፤ ዋሽተዋታል። አሁን ግን የሚያውቅ ሰው ነግሯታል ብለን እናስብ። ምን ትበል ትያለሽ? የረጅም ዘመን አርቢ ነሽና አንቺን ነው የምጠይቅሽ።

እኔ የወሰንኩትን ልንገርሽ። ዓርብ ከፖስታው በኋላ መኪናዬን አስነስቼ በመጀመሪያ ወደ አቶ ፕሮሰር እሄዳለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው እለዋለሁ፤ ሳልጨርስ በሩን ቢዘጋብኝም በበሩ በኩል እጨርሳለሁ። ከዚያ ወደ አራቱ ቤቶች፤ ማታ ወደ ኤለሪ፣ ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን። ልጅቷን ከውሻዋ አጠገብ ለብቻዋ እንዳትተዋት ሐሙስ ዕለት ለምኛታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም፤ እነግራታለሁ። ሰኞ ለማኅበሩ እጽፋለሁ። የምናገረው የራሴን ነው። የፍሎስን ስምና ውጤት እጽፋለሁ፤ የአባትየውን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። ያንን የሚሞላው ባለቤቱ ነው። ቅዳሜ እስኪያልፍ ድረስ እኔ አልሞላውም።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ፖስታ ቤት ባስገባው ሐሙስ ይደርስሻል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና እዘጋለሁ። ቡችሎቹ በተወለዱበት ዓመት ግንቦት ደውለሽልኝ ካርሎን አኮላሸሁት፣ ሁለት ቀን አኩርፎኝ ምግብ አልበላም ብለሽ ስትስቂ እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁና ዛሬ አምስቱ ወረቀቶች ያሉበትን ሣጥን አዘጋጀሁ፤ ያኔ ገና ባዶ ነበር። ከስድስት ባዕድ ሰው የሐኪም ማኅተም የጠየቅኩ ሴትዮ ነኝ። ካንቺ አልጠየቅኩም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ማርጌድን በሄደችበት ከክፉ ይጠብቅልሽ፤ በክርስትናዋ ዕለት በእቅፌ ሆና የገባሁላትን ቃል በየቀኑ በጸሎት አስባለሁ። በጎችሽ መንታ መንታ ይውለዱልሽ። ቤትሽን ሐዘን አይጎብኘው፤ ስልክሽም ሲጮህ መልካሙን ቃል በአንደበትሽ ላይ ያኑርልሽ። ያም ሆነ ይህ በዚህ በኩል ያለው በሬ አይዘጋብሽም።

ለካርሎም ሰላም በይልኝ። ያቺን የሰፋሻትን ጆሮውን ዳብሺልኝ።

አክባሪሽና ወዳጅሽ፣
አበልጅሽ